የተሞረደው ብየዳ

ብረቱ ላይ ስሙ የለም።

ኤመት ሀልቨርሰን ቁጥር አሥራ አራት የምትባለዋን የድልድዩን አካል ገልበጥ አድርጎ አያት፤ መለሰና እንደገና አያት። ከሦስት ሳምንት በፊት በመዶሻ እየመታ የስሙን ሁለት ፊደላት የቀረጸበት ቦታ ተሞርዶ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ከፊደላቱ አጠገብ የነበረው፣ እሁድን ሙሉ አጎንብሶ የበየደው ብየዳም የለም። ከሥሩ ተፍቆ ወጥቷል። በቦታው የቀረው ጣት የማያስገባ ቀጭን ቦይ ብቻ ነው።

«ማን ነው ይሄን ያደረገው?»

ወርክሾፑ ውስጥ የነበሩት ሁለት ልጆች ተያዩ።

«ዳኒካ ናት» አለ አንደኛው ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ስትሞርድ ነበር። ማንንም አላናገረችም።»

«ለእኔስ? ምንም አላለችም?»

«ሲመጣ ቁጥር አሥራ አራትን አሳዩት አለች። ይኸው አሳየንህ። በል እኔ ክፍል ረፍዶብኛል።»

ዳኒካ ቩኮቪች! የቡድኑ አለቃ እሷ ናት። ስምንት ተማሪዎች ሆነው ክረምቱን በሙሉ አንዲት የብረት ድልድይ ሲሠሩ ከርመዋል። የሚመጣው ቅዳሜ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ይወዳደሩባታል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ገጣጥመው ያቆሟታል፤ ከዚያ ከአንድ ቶን በላይ ብረት ይጫንባታል። አንዲት ብየዳ ከለቀቀች ሁሉም ነገር መሬት ነው። ለዚህ ነው ዳኒካ ከአባቷ ሙያ አንድ ወግ ይዛ የመጣችው፤ የበየደ ሰው ከብየዳው አጠገብ ስሙን ይመታል። ልጆቹ መጀመሪያ ስቀውባት ነበር። ኤመት ግን አልሳቀም። የእሱ ስም በማልያው ጀርባ ላይ አለ፤ በስታዲየሙ በር ላይ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ፊደል ተጽፎ ተሰቅሏል። እነዚያን ስሞች ሁሉ ሌላ ሰው ነው የጻፈለት። ይቺን ትንሽዬ ስም ግን በገዛ እጁ ነበር የመታት።

በግራናይት ፎርክ ከተማ ኤመትን የማያውቅ የለም። የኮሌጁ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ኳርተርባክ ነው። ኳሷ እጁ ላይ ትገባለች፣ ግዙፎቹ ሊጥሉት ይሮጡበታል፣ እሱ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውራት ይወስናል። ከማዕድን ማውጫው የሚወጡት ሠራተኞች ሳይቀሩ ትከሻውን መታ መታ ሳያደርጉት አያልፉም። ሌላውን ሕይወቱን ግን ብዙ ሰው አያውቅለትም። ገና ሳይነጋ በረዶ ላይ ልምምድ፣ ሁለት ሰዓት ላይ የግንባታ መዋቅር ትምህርት፣ ከሰዓት ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራው ደግሞ ዳገቱን እየሮጡ ወደ ሜዳ። የፈተና ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሳይታወቀው የጨዋታ ቀስቶችን ይሥላል። አንድ ጊዜ ፕሮፌሰሩ «መልሱ ትክክል ነው፤ ይሄ ቀስት ግን የኃይል አቅጣጫ አይደለም፤ ኳስ ተቀባይ ነው» ብለው ጽፈው መልሰውለታል።

ዳኒካን ያገኛትም እንዲሁ በሁለቱ ሕይወቶች መካከል ሲሮጥ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ትከሻው ላይ በረዶ ታስሮለት ክፍል ገባና አጠገቧ ተቀመጠ፤ በረዶው ቀለጠና ደብተሯ ላይ ተንጠባጠበ። ቀና ብላ አየችው። «የአንድ ወር ማስታወሻዬን አጠብከው» አለችው። «ልገለብጥልሽ» አላት። «ጽሕፈትህን ልየው» አለች፤ አየችና «ተወው ይቅር» አለችው። ፍቅራቸው የጀመረው ያን ቀን ነው እንግዲህ።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ተጣሉ። ከደቡብ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ና ብሎታል፤ ሰማንያ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ያለው፣ ከዚያ ወደ ታላላቆቹ ክለቦች መንገዱ ቀጥ ያለለት። ኤመት ሁለት ሳምንት ሙሉ ነገሩን በሆዱ ይዞት ቆየ። ዳኒካ ከሬዲዮ ሰማችው።

«ድንች እየመረጥኩ!» አለችው በወርክሾፑ ደረጃ ላይ ቆማ። «ገበያ መሀል ድንች እየመረጥኩ ነው የሰማሁት! አጠገቤ ቆመህ ብረት ስትቆርጥ ስትውል፣ አንድ ቀን እንኳ አፍህን አትከፍትም?»

«ምን ልበልሽ? እኔም ገና አላወቅኩም።»

«እኮ! ያላወቅከውን ነበር የምትነግረኝ! ያወቅከውንማ ጋዜጣውም ይነግረኛል።»

«ልሂድ ወይስ ልቅር? አንቺ ንገሪኝ።»

አየችው። በዓይኖቿ ውስጥ የነበረው ቁጣ ይሁን እንባ ሳይለይለት፣ «እኔን አትጠይቀኝ» ብላው ደረጃውን ወረደች።

አሁን ሐሙስ ነው። መልሷ ይኸው ብረቱ ላይ ያበራል። ሂድ ብላዋለች፤ ስሙን እንኳ አላስቀረችለትም። ኤመት ሜዳ ላይ ከማያየው ወገን መጥተው ሲመቱት መጀመሪያ ሕመም አይሰማውም፤ ትንፋሹ ብቻ ይጠፋል። አሁንም እንደዚያ ነው የሆነው።

* * *

አባቱ ግራንት ሀልቨርሰን ራት ጋበዙት። በሜዳማው አገር አራት የትራክተር መሸጫዎች አሏቸው፤ የቡድኑ ልብስ መቀየሪያ ክፍል በር ላይ በነሐስ የተጻፈው ስም የእሳቸው ነው። እሳቸውም በዘመናቸው እዚሁ ኮሌጅ ኳርተርባክ ነበሩ፤ ጉልበታቸው እስኪሰበር ድረስ።

«ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምዝገባው ይዘጋል» አሉ የደቡቡን ዩኒቨርሲቲ ወረቀት ከሳህኑ አጠገብ እያስቀመጡ። «አንዲት ፊርማ ናት።»

«ትምህርቴስ?»

«ትምህርት አለ። ጠይቄልሃለሁ።»

«ምህንድስና?»

አባትየው ስጋቸውን ቆረጡ። «የምህንድስናው ቤተ ሙከራ ከሰዓት ነው አሉ። ከሰዓት ደግሞ ልምምድ አለ። ስለዚህ ሌላ ነገር ያስገቡሃል። ጠቅላላ ጥናት የሚሉት።»

«የምን ጥናት?»

«ጠቅላላ።»

«ጠቅላላው ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጠቅላላ ነዋ!» ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ስማኝ ልጄ። ድልድይ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። አንተ ስትወረውር ግን ተጫዋች መልማዮቹ መጻፋቸውን ትተው ነው የሚያዩህ። በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄ ዕድል በሕይወት አንድ ጊዜ ነው የሚያንኳኳው።»

ኤመት ምግቡን አልነካውም። አባቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺን ልጅ አነጋግሬያታለሁ» አሉ።

«ማንን?»

«ዳኒካን። ትናንት ጠዋት ወርክሾፑ ሄጄ። ከወደድሽው መንገዱ ላይ አትቁሚበት አልኳት።»

«አባዬ! በምን ሥልጣንህ...»

«በአባትነቴ! ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ጥሩ ልጅ ናት፤ አልጠላኋትም። ግን የቦይለር በያጅ ልጅ ናት፤ ዓለሟ ይሄ ተራራ ነው።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ዝም። የፊት መከላከያ ጭንብሏን ወደ ታች ሳበችና ሥራዋን ቀጠለች። ከአንተ ይልቅ እሷ ገብቷታል።»

ትናንት ጠዋት። ኤመት በልቡ ቆጠረ። አባቱ አነጋገሯት፣ እሷም ስሙን ሞረደችው። ምን የሚያወላዳ ነገር አለው? መስኮቱ ላይ የሚያዝያ ነፋስ የደቀቀ በረዶ ይበትናል። ከጠረጴዛው ማዶ አባቱ ስለ ደቡብ ሞቃት አየር ያወራሉ፤ እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ሙቀት ይልቅ አንዲት የምትቆጣ ልጅ ናፈቀችው።

* * *

ለዳኒካ ደብዳቤ የጻፈው አርብ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ነው። አብሮት የሚኖረው ሲዮኔ፣ ሜዳ ላይ ከፊቱ ቆሞ የሚከላከልለት መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን ከቶንጋ ደሴቶች የመጣ ልጅ፣ በትከሻው አሻግሮ አነበበው።

«እንዴት ነው?»

«ልክ ነው» አለ ሲዮኔ አፍንጫውን እየጠረገ። «አልቅሼበታለሁ።»

«አንተ የውሻ ምግብ ማስታወቂያ ሲያሳዩህም ታለቅሳለህ።»

«ያንን ማስታወቂያ አታንሳብኝ! ሂድ፣ ላክላት።»

የቩኮቪች ቤት ከማዕድን ማውጫው በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። የዳኒካ አባት ስቴቫን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የተሰበረ አካፋ እጀታ ይጠግናሉ። አርባ ዓመት ቦይለር የበየዱ ሰው ናቸው፤ የእጃቸው ጀርባ በብልጭታ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል።

«ኳስ ወርዋሪው!» አሉ ገና ከሩቅ ሲያዩት። «በማለዳ ምን እግር ጣለህ? አሰልጣኝህ አባረረህ?»

«እንደምን አደሩ፣ ሚስተር ቩኮቪች። ይቺን ለዳኒካ ይስጡልኝ።»

ፖስታውን ተቀብለው አገላበጡት። «ስልክ የላትም?»

«አታናግረኝም።»

«አለችህ?»

«አላለችኝም። ግን...» ኤመት ከንፈሩን ነከሰ። ሊናገር አልፈለገም፤ ተናገረ። ስለ ቁጥር አሥራ አራት፣ ስለ ፊደላቱ፣ ከሥሩ ስለተፋቀው ብየዳ። ሲጨርስ ሽማግሌው እጀታውን መሬት ላይ ጥለው ሳቁ። ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ።

«ሚስተር ቩኮቪች፣ እኔ ላይ መሳቅዎ...»

«ቆይ፣ ቆይ። ስትበይድ እጅህ ተንቀጥቅጧል?»

«ከልምምድ ወጥቼ ነበር። ትከሻዬ ትንሽ...»

«ስንጥቅ አለው። ማክሰኞ ማታ ነግራኛለች። ስንጥቅ የሚያሳየውን ቀይ ቀለም ቀብታ ብታየው ፀጉር የምታክል መስመር አገኘች። ታዲያ ምን ታድርገው? ሳትሞርደው ድልድይ ላይ ትስቀለው?»

«ስሜንስ ለምን?»

«የሌለ ሥራ ላይ ማን ይፈርማል?» አሉ ሽማግሌው፣ ይህን ለመጠየቅ መድፈሩ ራሱ እየገረማቸው። «ብየዳው ሲወጣ ስሙም ይወጣል። ስማኝ አንተ ልጅ። እኛ ጋ የማንፈልገውን ሰው ሥራ እንዲህ አናደርገውም። ቆርጠን ውዳቂ ብረት ውስጥ እንወረውረውና ሌላ ሰው አዲስ ይሠራል፤ አለቀ። ከሥሩ ፍቆ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ ቦይ አውጥቶ ማስቀመጥ ግን የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ነው። ለምን ይመስልሃል? ያበላሸው ሰው ራሱ እንዲመልሰው ነዋ! የሌላ ሰው እጅ አይገባበትም። እኔ ስጀምር አለቃዬ አሥራ አንድ ጊዜ ሞርዶብኛል። በአሥራ ሁለተኛው ልጁን ዳረልኝ።»

ኤመት የበረንዳውን ምሰሶ ያዘ። ትናንት እንደ ስድብ ያየው ያ ንጹህ፣ ቀጥ ያለ ቦይ አሁን ዓይኑ ላይ ድቅን አለ። ያን ሁሉ ጊዜ አጎንብሳ ቦታ ስታዘጋጅለት ነበር።

«ደብዳቤውን ይመልሱልኝ።»

«አልመልስም። ለልጄ የተጻፈ ነው።»

«እባክዎ። የጅል ደብዳቤ ነው።»

«እንግዲያው ታንብበው። የሚመጣባትን ጅል ቀድማ ትወቅ።» ፖስታውን ደረታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና ፊታቸው ኮስተር አለ። «ደግሞ እንዳትሳሳት። ቅርልኝ አላለችህም። ብየዳህን ጨርስ ነው ያለችህ። ጨርሰህ መሄድም ትችላለህ።»

ቁልቁለቱን ሲወርድ እፍረትና ደስታ ተጋፉበት። የትኛው እንደሚበልጥ አላወቀም።

* * *

ፈተና ነበረበት፤ ተፈተነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወርክሾፑ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ጭንብሉን ወደ ታች ሳበ።

አሰልጣኙ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ብየዳ እንዳይነካ ከልክሎታል። «ቀኝ እጅህ የአንተ ብቻ አይደለም» ብሎታል። ኤመት የብየዳ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ በቀኝ እጁ ያዘ። ነጩ ብርሃን ፈነዳ። ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን እየቆጠረ፣ ቦዩን ከሥሩ ጀምሮ ሞላው። አንድ ዙር፤ ጠረገው። ሁለተኛ ዙር። አንዲት ብልጭታ ከጓንቱ በላይ አንጓው ላይ አረፈች፤ ጥርሱን ነከሰ እንጂ እጁን አላነሳም። ሦስተኛው ዙር መሀል ላይ ሰው መግባቱን ከእርምጃው አወቀ። የማን እርምጃ እንደሆነም አወቀ። እሷም ሳትናገር ጠበቀች፤ የበየደ ሰው መሀል ላይ አይጠራም።

ጨርሶ ጭንብሉን ሲያነሳ ዳኒካ ከፊቱ ቆማለች፣ ወረቀቱ በእጇ።

«"ስሜን ከብረቱ እንደፋቅሽው ከልብሽም ፍቀሽዋል"» ጮክ ብላ አነበበች። «"የአንቺን ስም ከእኔ ላይ የሚፍቅ መሣሪያ ግን ገና አልተሠራም።" ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ሲዮኔ ጥሩ ነው ብሎኝ ነበር።»

«ሲዮኔ!» ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። «እንዴት አመንክ? ሁለት ዓመት አብረን! ልሰናበትህ ብፈልግ አፍ የለኝም? ተደብቄ ስምህን የምሞርድ ሰው እመስልሃለሁ?»

«አባቴ ባነጋገረሽ ቀን ነው የሞረድሽው።»

«አባትህ ሲመጡ መሞረጃው በእጄ ነበር! ጀምሬዋለሁ! ምን ልመልስላቸው? የሚሉትን ሰማሁ፣ ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

«ይቅርታ። አልገባኝም ነበር። የእናንተን ወግ አላውቅም።»

«አታውቅም። መጠየቅ ግን ታውቃለህ።»

ጠጋ አላት። ፊቱ ከጭንብሉ ሥር ወዝቷል። «ዳኒካ፣ አልሄድም። ለአንቺ ስል እቀራለሁ።»

ደስ የሚላት መስሎት ነበር። እሷ ግን እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ ሸሸች።

«እንዳትለኝ! ይሄንን ብቻ እንዳትለኝ!» ድምፅዋ ቆርቆሮው ጣራ ላይ አስተጋባ። «ለእኔ ስትል ከቀረህ፣ እነዚያን ሰማንያ ሺህ ሰዎች በቴሌቪዥን ባየህ ቁጥር ዞር ብለህ እኔን ታየኛለህ። ወጥ ሳወጣ ታየኛለህ፣ ስተኛ ታየኛለህ። የማንም ሰበብ አልሆንም! ሂድ የሚልህ አባት አለህ። ቅር የምትልህ ሴት ከፈለግክ ሌላ ፈልግ። አንተ ምን ትፈልጋለህ? አንተ!»

ኤመት ጭንብሉን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማያውቀው ነገር ከሆዱ ፈንቅሎ ወጣ።

«ሁለቱንም!»

«ጮክ በል።»

«ሁለቱንም! ኳሱንም፣ ይሄንንም! አሰልጣኙ ካልኩሌተሬን ሲያይ ይስቃል። ፕሮፌሰሩ ትከሻዬ ላይ በረዶ ሲያዩ ያዝኑልኛል። አባቴ ጠቅላላ ጥናት ይለኛል። ጠቅላላ! ሁሉም ሰው ለሁለት ሊቆርጠኝ ቢላዋ ይዞ ይጠብቃል። እኔ እኮ ከቤተ ሙከራው ወደ ሜዳ ዳገቱን ስሮጥ፣ ልቤ ሊፈነዳ ሲደርስ፣ ያኔ ነው ሰው የምሆነው! ደክሞኛል። ሦስት ዓመት እንቅልፍ አልጠገብኩም። ግን አንዱን ከወሰዱብኝ የሚቀረውን ሰውዬ አላውቀውም።»

«ሁለቱንም የሚሰጥህ የት ነው ታዲያ?»

«እዚህ።»

«እዚህስ ማን ሰጠህ? ነጥቀህ ነው እንጂ።»

«እነጥቃለኋ! አንድ ዓመት ይቀረኛል። እዚሁ እነጥቃለሁ። አንቺ ብትወጂኝም ባትወጂኝም።»

ዳኒካ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ዓይኖቿ ግን እንባ ሞልተዋል። «እንዲህ በለኝ» አለችው በሹክሹክታ። «አሁን ልወድህ እችላለሁ።»

* * *

«ኤመት።»

ግራንት ሀልቨርሰን በሩ መሀል ቆመዋል፤ ወረቀቱ በአንድ እጃቸው፣ ስልካቸው በሌላው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ ይላል።

«ከተማውን ሙሉ ፈለግኩህ። የደቡቡ አሰልጣኝ መስመር ላይ እየጠበቀ...» ዓይናቸው የልጃቸው አንጓ ላይ አረፈ። «ይሄ ምንድን ነው? ቀኝ እጅህ! ተቃጥለሃል!»

«ብልጭታ ናት፣ አባዬ። ትድናለች።»

አባትየው ወደ ዳኒካ ዞሩ። «አነጋግሬሽ ነበር። የገባሽ መስሎኝ።»

«ገብቶኛል፣ ሚስተር ሀልቨርሰን» አለች ዳኒካ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «መንገዱ ላይ አልቆምኩም። በሩ ይኸውና። የቆሙበት እርስዎ ነዎት።»

ግራንት ሳያስቡት ከደፉ ላይ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ። ኤመት ወደ አባቱ ሄደና እጁን ዘረጋ። አባትየው ወረቀቱን ሰጡት። እሱ ግን ስልኩን ወሰደ።

«ሄሎ፣ ኮች። ኤመት ነኝ። አይ፣ አልፈርምም... አይ፣ ሌላ ቦታም አልሄድም።» የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። «ማክሰኞ ከሰዓት ቤተ ሙከራ አለኝ። አዎ። በየሳምንቱ... አውቃለሁ፣ እዚህ ማንም አያየኝም ይሆናል። ሊያየኝ የፈለገ ሰው ካለ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ለጎማው ሰንሰለት ይዞ ይምጣ እንጂ፣ በረዶ አለ። አመሰግናለሁ።»

ስልኩን መለሰ። ወርክሾፑ ውስጥ የሚሰማው እየቀዘቀዘ የሚኮማተረው የብረት ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጢቅ፣ ጢቅ።

«ምን እንዳደረግክ ታውቃለህ?» አሉ አባቱ። የጮኹ ቢሆን ይሻል ነበር። «እኔ በአንተ ዕድሜ ይሄን በር ከፍተውልኝ ቢሆን... በአንድ እግሬም ቢሆን እያነከስኩ እገባበት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ትጸጸታለህ።»

«ልጸጸት እችላለሁ። ያኔ የራሴ ጸጸት ነው። የአንተን ጉልበት ተሸክሜ ስንት ዓመት ሮጥኩልህ፣ አባዬ። ከዚህ በላይ አልሮጥም። በራሴ ጉልበት ልሩጥ።»

ግራንት ሀልቨርሰን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጠፉት፣ ኮታቸው ውስጥ አስገቡትና ወጡ። መኪናቸው ወዲያው አልተነሳችም። ሁለቱም በመስኮቱ አዩዋቸው፤ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት እያዩ ተቀምጠዋል። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሲል ሞተሩ ተነሳና ቁልቁለቱን ወረደ። ኤመት ሊሮጥ፣ መስታወቱን ሊያንኳኳ፣ «ይቅር በለኝ» ሊል እግሩ ቃጣው። አልሄደም። የተናገረው ነገር እውነት ነበር፤ እውነት ስለሆነ ነው ያመመው።

ኤመት ወለሉ ላይ፣ ከመበየጃው ጠረጴዛ ሥር ተቀመጠ።

ዳኒካ አላጽናናችውም። ቁጥር አሥራ አራት ላይ ጎንበስ ብላ አዲሱን ብየዳ በዓይኗ መረመረችው፤ ጓንቷን አውልቃ እጇን ከላይ ያዝ አደረገች፣ ሙቀቱ መለሳት።

«ጥሩ ነው?» አላት ከታች።

«ሳይቀዘቅዝ አይመረመርም።»

«ይመስልሻል?»

«አላውቅም።»

«ገምቺ።»

«አልገምትም። እኔ መሐንዲስ ነኝ።»

መጥታ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ትከሻዋን ትከሻው ላይ አሳርፋ። የተቃጠለውን አንጓውን አንስታ አየችው፤ ከንፈሯን ከቁስሉ ጎን፣ በማያመው በኩል አሳረፈችው። ከዚያ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ውጭ ነፋሱ ከማዕድኑ ተራራ እየወረደ ቆርቆሮውን ያንገጫግጨዋል። ከላያቸው ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ በራሱ ጊዜ።

«ፈርቻለሁ» አላት።

«እኔም።»

እጁን ግን አልለቀቀችውም። ኤመት ዓይኑን ጨፈነ። ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ፍርሃት የሰው ነበር፤ የአባቱ፣ የአሰልጣኙ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ የሚጮኸው ሕዝብ። ይሄኛው የራሱ ነው። ደረቱ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዞ ተቀምጧል፤ ሞቃት ነው፣ ከባድ ነው። ሊያባርረው አልፈለገም።